መሪው ያለው መኪና

የድሮው የልደታ ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን፣ የሽቦ መኪና እሠራ ነበር። አካሉ ሽቦ፣ ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ደረቴ ድረስ የሚመጣ ረጅም ሽቦ። መለኪያ የለኝም፤ በዓይኔ ገምቼ በጥርሴ ጭምር ነበር የምጠመዝዘው።

አሁን ኮድ ጽፌ ነው የማድረው። ባለፈው ወር፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውንና በልደታ የሚያልፈውን ቀላል ባቡር በብሌንደር ሠርቼ በስሪዲ ፕሪንተር አተምኩት። በሩ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ልክ ነው። ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ኮሪደሩ ላይ ገፋ ገፋ አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ።

«አጎቴ፣ ይሄ አይሄድም እንዴ?»

ለካ የሠራሁት ለመደርደሪያ ኖሯል።

ፕሪንተሩን አልጥልም፤ ጎማውን እሱ ያትምልናል። ቅዳሜ ግን ሽቦና ፒንሳ ይዤ እሄዳለሁ። መሪውን ልጁ ራሱ ይጠምዝዘው።