«አይፒህን ይዤዋለሁ» ለተባላችሁ

ደብረ ማርቆስ ያለው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። ቴሌግራም ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲከራከር ነገሩ ከረረ። ሰውዬው መጀመሪያ ሊንክ ላከለት፣ ልጁም ነካው። ቆይቶ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች መጡ፤ ከሥራቸው «አይፒህን ይዤዋለሁ፣ ቤትህን አውቀዋለሁ፣ ብር ካልላክህ ታያለህ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ልጁ የፈራው ለራሱ አይደለም። «ጋሼ፣ እማዬ ብቻዋን ናት፤ ቤት ቢመጣባትስ?» አለኝ። የጎጃም ሰው በእነዚህ ዓመታት የሚበቃውን ያህል ስጋት ተሸክሟል። በላዩ ላይ የሐሰት ማስፈራሪያ ሲጨመርበት ማየት ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ለእሱ የነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

አይፒ ማለት ስልካችሁ ወይም ኮምፒዩተራችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚታይበት የአድራሻ ቁጥር ነው፤ ልጁ ሊንኩን ሲነካ ለላኪው የታየው እሱ ነው። ቁጥሩን የአይፒ ቦታ በሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ እንዲያስገባው ነገርኩት። የወጣለት ይህ ነው፦ አገር ኢትዮጵያ፣ ከተማ አዲስ አበባ፣ ድርጅት ኢትዮ ቴሌኮም። ሰፈር የለም፣ ቀበሌ የለም፣ ስም የለም፣ ስልክ ቁጥር የለም። ከተማው ራሱ ስህተት ነው። ልጁ ባለበትና ድረ ገጹ ባሳየው ቦታ መካከል 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና የዓባይ በረሃ አለ። ድረ ገጹ የሚያውቀው አድራሻው በየትኛው ድርጅት ስም እንደተመዘገበ ነው፤ ቦታውን የሚገምተው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ግምቱ ደግሞ ሰው ይጎዳል። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ፖትዊን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አንድ የእርሻ ቤት አለ። ማክስማይንድ የተባለው የአይፒ መረጃ ኩባንያ «አሜሪካ ውስጥ ነው» ከማለት በቀር ቦታቸውን የማያውቃቸውን አድራሻዎች ሁሉ በአገሪቱ መሐል ግድም ባለ አንድ ነጥብ ላይ መዝግቧቸው ነበር። ነጥቡ ያረፈው እዚያ ግቢ ላይ ሆነ፤ ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ተከመሩበት። ለዓመታት ፖሊስ፣ የተጭበረበሩ ሰዎች፣ የጠፋ ዘመድ የሚፈልጉ ሁሉ ምንም የማያውቁትን ነዋሪዎች በር ሲያንኳኩ ኖሩ። ምክንያቱ በጋዜጠኛ ምርመራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። አሁንም በብዛት የምንጠቀምበት የአይፒ ዓይነት ያሉት አድራሻዎች በድምሩ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። የዓለሙ ማዕከላዊ ክምችት ተከፋፍሎ ያለቀው በጥር 2003 ዓ.ም. ነው። ለአፍሪካ የሚያድለው መቀመጫውን ሞሪሺየስ ያደረገው አፍሪኒክ ነው፤ እሱም ቢሆን ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ አንድ የሚሰጠው የለውም። ስለዚህ የቴሌኮም ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያወጣሉ። ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ ታስታውሳላችሁ፤ ለተማሪ የሚላክ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር የሚመጣው። ሣጥኑ የመቶዎች ነው፤ ደብዳቤው የማን እንደሆነ የሚለየው ተቀብሎ የሚያድለው ሰው ነው። የሞባይል ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ዳታ ከፍታችሁ በስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ አይፒውን ብታዩ ብዙ ጊዜ በ10 ወይም በ100 የሚጀምር ቁጥር ታገኛላችሁ። ከዚያ በድረ ገጽ አስተያዩት፤ ሌላ ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያው ለእናንተ ስልክ ከኩባንያው ግቢ ሳይወጣ የሚያገለግል ነው፤ ሁለተኛው በዚያች ሰዓት ከማታውቋቸው ብዙ ሰዎች ጋር የምትጋሩት ነው።

እንግዲህ ያ ማስፈራሪያ የላከ ሰው የያዘው ይህን የጋራ ቁጥር ነው። ልጁ ብሩን አልላከም፤ እናንተም እንዳትልኩ።

ነገር ግን ደብዳቤውን የሚያድለው ሰው አለ ብያለሁ። በየትኛው ሰከንድ፣ የትኛው ሲም፣ በየትኛው አድራሻ እንደወጣ ሊመዘግብ የሚችለው ኩባንያው ነው፤ ሲሙ ደግሞ በመታወቂያ የተመዘገበ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መረጃ፣ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። አይፒ ወደ ሰው የሚለወጠው እዚህ መዝገብ ላይ ነው። ሕዝባችን የሚፈራው ግን ቴሌግራም ላይ የሚፎክረውን ነው፤ መዝገቡን ማን ይከፍተዋል፣ በማን ትእዛዝ ይከፈታል ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የምንጠይቅበት ሕግ እንኳ አለን።

አይፒ ኃያላንንም እንደሚያጋልጥ ያሳየን የራሳችን ታሪክ ነው። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፊንፊሸር ስለተባለው የስለላ ሶፍትዌር ሪፖርት አወጣ። ግንቦት 7 የተባለው የተቃዋሚ ድርጅት ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፋይል የሰበሰበውን የሚልክበት ሰርቨር በ213.55 የሚጀምር አድራሻ ነበረው፤ ይህ የኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒዩተሩ በዚሁ ሶፍትዌር ለወራት እንደተሰለለ ደረሰበት፤ «ኪዳኔ» በሚል የምስጢር ስም በየካቲት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን መዳኘት አንችልም ብሎ ዘጋው። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ የሰውዬው ሳሎን ሜሪላንድ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ያው ሲቲዝን ላብ ሳይበርቢት በተባለው የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች እንደተሰለሉ አጋለጠ። ሰላዮቹ የሰርቨራቸውን መዝገብ ለማንም ክፍት አድርገው ትተውት ነበር፤ ተመራማሪዎቹ በውስጡ ካሉት አይፒዎች ተነሥተው የሻጩ ሠራተኞች ሶፍትዌሩን ለማሳየት የዞሩባቸውን አገሮች ጭምር ለዩ።

ቪፒኤን እንጠቀም ወይ? የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም ሲዘጉ አብዛኞቻችን ተጠቅመንበታል። ሲከፈት ድረ ገጹ የእናንተን ሳይሆን የቪፒኤኑን አይፒ ያያል፤ ምን እንደምትከፍቱ የማየቱ ዕድል ግን ከቴሌኮሙ ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ይዞራል። ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ከሆነ እኔ አልጭነውም። ከዚያ ይልቅ ዛሬ የምትችሉትን አድርጉ፦ ቴሌግራም ውስጥ የጥሪ ፕራይቬሲ ላይ «ፒር ቱ ፒር» የሚለውን ለማንም እንዳይፈቀድ (Nobody) አድርጉት፤ ዋትስአፕም በጥሪ ጊዜ አይፒን የሚሸሽግ ማብሪያ አለው። ካልሆነ ከደዋዩ ጋር በቀጥታ ስትገናኙ አድራሻችሁ ሊታየው ይችላል።

የመጨረሻው ነገር በየግቢውና በየመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ለምትሠሩ፣ ለመርማሪዎችና ለዳኞችም ነው። አንድ ዋይፋይ የዶርም ሙሉ ተማሪ ይጠቀምበታል፤ አንድ አድራሻ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደብረ ማርቆስንም፣ ፍኖተ ሰላምንም፣ አዲስ አበባንም ሊያገለግል ይችላል። የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ምክር ግልጽ ነው፦ ሰርቨር ከአይፒው ጋር የፖርት ቁጥሩን፣ ማለትም በአንድ አድራሻ የሚወጡትን ግንኙነቶች የሚለየውን ቁጥር፣ እና ትክክለኛውን ሰዓት እስከ ሰከንዱ አብሮ ይመዝግብ። እነዚህ ከሌሉ ኩባንያው ራሱ ከሚጋሩት ሰዎች መካከል አንዱን በእርግጠኝነት መለየት አይችልም። አይፒ ብቻ የታተመበት ወረቀት ይዞ «ይህ ልጅ ነው የጻፈው» የሚል ሰው ቢመጣ ፖርቱ ስንት ነበር፣ ሰከንዱስ ብላችሁ ጠይቁት።