የካርቶኑ ልክ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። እኔ ግን ማታር ላይ ተቀምጬ፣ ያለ አንዳች ሩጫ፣ ስድስት ጊዜ ሰፍቼ ስድስት ጊዜ ተርትሬአለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ የመርፌና የክር ወግ ወዴት እንደሚወስደን እስክንደርስ ታገሡኝ።

ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን የምትገኝ የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥናት ሄጄ ክረምቱ ያዘኝ፤ ውሃው ሜዳውን ሞልቶ መንገዱን ዘጋው። ሥራ ስፈታ ውሎዬ በአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ሆነ። ከስፌት መኪናው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እያየሁ፣ አራት ማዕዘን እየቆረጥሁ ባጋጥመው ለልጄ የአልጋ ልብስ እንደሚወጣው አሰብሁ። ሐሳቤን ስነግረው ሳቀና መቀሱን ሰጠኝ።

በአንድ ረድፍ አሥራ ሁለት ቁራጭ ሰፋሁ፤ ሁለተኛውን ረድፍ ጨምሬ ሳጋጥመው ማዕዘኖቹ አልገናኝ አሉ። በምላጭ ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት፤ ያው ሆነ። ቀስ ብዬ ሰፋሁ፣ በካውያ ተኮስሁ፣ በመርፌ ቁልፍ ያዝሁ፤ ያው ነው። ጨርቁን ወቀስሁ፤ መኪናውን ወቀስሁ፤ በመጨረሻም ዓይኔን ጠረጠርሁ። በየጊዜው ለራሴ የምሰጠው ተስፋ አንድ ነበር፤ «በሚቀጥለው እጠነቀቃለሁ»።

በስድስተኛው ላይ ልብስ ሰፊው ዝምታውን ሰበረ።

«መምህር፣ ስፌትዎ ደኅና ነው። ሁለተኛውን ቁራጭ በምን ለኩት?»

«በመጀመሪያው።»

«ሦስተኛውንስ?»

«በሁለተኛው።»

አሮጌ ካርቶን አነሣና አንድ አራት ማዕዘን ቆርጦ ሰጠኝ። «ሁሉንም በዚህ ይለኩ» አለኝ።

ሒሳቡን ሳሰላው አፈርሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ካለፈው በ2 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ አሥራ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ22 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ሁለተኛው ረድፍ ደግሞ ከዚያ ይቀጥላል። ስድስት ጊዜ የተረተርሁት ስፌቱን ነበር፤ ስሕተቱ ግን የተቀመጠው መቁረጡ ላይ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄዬ ሁሉ ስሕተቱን በጥራት ከመድገም ያለፈ ፋይዳ አልነበረውም።

የዚያን ዕለት ማታ ይዤው የነበረውን የራሴን የጥናት ረቂቅ ገለጥሁ። በ1977 ዓ.ም. ደርግ በድርቅ የተጎዱ ወገኖችን ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች አምጥቶ ጋምቤላ ሲያሰፍር፣ የመሬቱን ነባር ባለቤቶች የጠየቀ አልነበረም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 45 ሺህ አባወራዎችን በሦስት ዓመት በመንደር የማሰባሰብ ዕቅድ ወጣ። በ2006 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለመጡት ስደተኞች የሌችዎር መጠለያ የተሠራው ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነበር፤ በዚያው ክረምት ተጥለቀለቀ፤ በ2007 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ወደ ጀዊ ተዛወሩ። ከብቱን ይዞ በክረምት ወደ ከፍታው፣ በበጋ ወደ ወንዙ የሚመላለሰው ኑዌር ግን ውሃው የት እንደሚተኛ ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቃል። ልኩ እርሱ ዘንድ ነበር።

እኔስ ምን ጽፌ ነበር? «የአፈጻጸም ክፍተቶች ተስተውለዋል»! ይህንን ሐረግ ከቀደመ ጥናት የወሰድሁት ነው፤ ያም ጥናት ከእርሱ ከቀደመው ሳይወስደው አልቀረም። ስፌቱን ስንመረምር ስለ መቁረጡ የጠየቅን አልነበርንም። የትናንቱን ዕቅድ በትናንት ወዲያው፣ የዛሬውን ሪፖርት በትናንቱ እየለካን፣ ማዕዘኑ አልገናኝ ሲል ጥፋቱን በፈጻሚው ላይ ጫንን። በዶክትሬት ዲግሪ የተደገፈ ስሕተት ደግሞ ከሌላው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ማን ደፍሮ ይተረትረዋል?

በማግሥቱ ረቂቁን ትቼ እንደገና ወደ ነዋሪው ሄድሁ። መጠይቄን አልያዝሁም፤ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ እንዲያሳዩኝ ብቻ ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ በእግር እየመሩ አሳዩኝ። ጥናቱ በአንድ ዓመት ዘገየ፤ በዚህም ተወቅሻለሁ።

የአልጋ ልብሱን ልጄ ዛሬም ትለብሰዋለች። ጨርቅ ሲተረተር የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ይቀራል፤ ከቀዬው ተነሥቶ በውሃ ላይ የሰፈረ ሰው ግን በምላጭ አይመለስም። ዕቅድ አውጪዎቻችን፣ እኛም አጥኚዎቹ፣ ሰባተኛውን ከመስፋታችን በፊት «በምን ለካነው?» ብለን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።