በመጀመሪያው የባሕር ጉዞ ስለ መኝታ ክፍል ምርጫ

ቤተ ሰቡን ይዞ በመርከብ ለመጓዝ ያሰበ ሰው ከሚያየው አገር አስቀድሞ የሚተኛበትን ክፍል ይጠየቃል። እኛም በበዓለ ኃምሳ፣ ረቡዕና ዐርብ በማይጾምበት ወራት፣ ከግሪክ ወደብ ከፒሬዎስ ተነሥተን ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባትን የፍጥሞን ደሴት ለመሳለም ስንሰናዳ፣ ከመንገዱ ይልቅ የክፍሉ ነገር ብዙ ሌሊት አነጋገረን።

የመንገደኞች መርከብ ክፍሎች ከሞላ ጎደል አራት ዐይነት ናቸው። የውስጥ ክፍል የሚባለው መስኮት የለውም፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ባሕሩን የሚያሳይ የማይከፈት መስኮት አለው። ሦስተኛው ወንበር የሚዘረጋበት ትንሽ ሰገነት ያለው ነው። አራተኛው፣ ሳሎን ያለው፣ የባለጠጎች ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

በጀርመን አገር የምትኖረው እኅታችን ለጉዞው የቈረጠችልን ገንዘብ የታወቀ ነበረ። በዚያ ገንዘብ ሰገነት ያለው አንድ ክፍል ለአራት ሰው ይገኛል። እኛ ግን ከባለቤታችን፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከእናታችን ጋር አምስት ነን። ልጆቹ ሰገነቱን በሥዕል አይተው ወደዱት። እናታችንም ዋጋውን በሰሙ ጊዜ፣ «እኔ ባሕር ለምኔ? እናንተ ተሳልማችሁልኝ ኑ» አሉ። የፍጥሞን ስም ግን በልጅነታችን መጀመሪያ የሰማነው ከእርሳቸው አፍ ነው። ለሰገነት ብለን እርሳቸውን ከቤት ማስቀረት አልተዋጠልንም።

ስለዚህ የመርከብ ዋጋ እንዴት እንደሚታሰብ መረመርን። ዋጋው ለአንድ ሰው ቢነገርም፣ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ይተኛል ተብሎ የተሰላ ነው፤ ብቻውን ክፍል የሚይዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ግን ከግድግዳ ወይም ከጣራ በሚወርድ አልጋ ስለሚተኙ የሚከፍሉት ያነሰ ነው። እኛም ሦስትና ሁለት ሆነን ተከፈልን፤ መስኮት ያለው ክፍል ለእናታችን፣ ለባለቤታችንና ለሴት ልጃችን፣ ፊት ለፊቱ ያለው የውስጥ ክፍል ለእኛና ለወንዱ ልጅ ሆነ። ሒሳቡም በተቈረጠልን ገንዘብ ውስጥ ገባ።

የውስጥ ክፍል መብራቱ ሲጠፋ ቀኑም ሌሊት ነው። ለእንቅልፍ መልካም ነው፤ ነቢዩ ዮናስም የተኛው በመርከብ ውስጠኛ ክፍል ነበረና፣ በዚያ ሁሉ ማዕበል አለመንቃቱን የሚያስብ ሰው ይህን ክፍል አይንቀውም። ዘወትር ሳይነጋ ለጸሎት የሚነሡ እናት ግን ወገግ ማለቱን የሚያዩበት መስኮት ያስፈልጋቸዋል።

ከዐይነቱ ይልቅ ስፍራው እንደሚበልጥ ያወቅነው ኋላ ነው። በማዕበል ጊዜ የመርከብ ፊቷና ኋላዋ ከፍ ዝቅ ሲል መካከሏ እምብዛም አይናወጥም፤ የግራና ቀኙ መወዛወዝም ከታችኛው ይልቅ በላይኛው ደርብ ይበረታል። ስለዚህ ማጥወልወልን የሚፈራ መካከሉንና ዝቅ ያለውን ይምረጥ። ከጭፈራ አዳራሽ በታች የሚተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሰው እግር ሲሰማ ያድራል። ደግሞም አንዳንዱ መስኮት የሚያሳየው ባሕሩን ሳይሆን ከፊቱ የተንጠለጠለውን የነፍስ ማዳኛ ጀልባ ነውና፣ የመርከቢቱን ንድፍ ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ክፍሉን ኩባንያው ራሱ እንዲመርጥ ለፈቀደ ሰው ዋጋ ይቀነስለታል፤ ነገር ግን እናት በአንድ ደርብ፣ ልጅ በሌላው ሊያድሩ ይችላሉ።

በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በኢጣልያ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ ገጭታ 32 ሰዎች ሞተዋል። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአደጋ ልምምድ መርከብ ከመነሣቷ በፊት ወይም እንደ ተነሣች ወዲያው እንዲደረግ በዓለም አቀፍ ደንብ ታዟል። በአደጋ ጊዜ በሊፍት መጠቀም ስለማይፈቀድ፣ እናታችን ከክፍላቸው እስከ መሰብሰቢያው ስንት ደረጃ እንደሚወጡ በንድፉ ላይ ቈጠርን።

ሁሉ ካለቀ በኋላ እናታችን፣ «ምሥራቁ በየት በኩል ይሆናል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። መርከቢቱ ወደ ፍጥሞ ስትሄድ ወደ ምሥራቅ ገደማ፣ ስትመለስ ወደ ምዕራብ ታቀናለች፤ መስኮቱም በጐኗ ስለ ሆነ በሁለቱም መንገድ ምሥራቅን አያሳይም። ለተማሪዎቻችን የምናሳያት ትንሽ ኮምፓስም ብረት በከበባት ክፍል ውስጥ ትሳሳታለች። ስለዚህ ጫጫታ ባያጣውም ከሊፍት አጠገብ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያዝን። ንጋት ላይ ከክፍላችን ወጥተን በራቸውን እናንኳኳለን፤ ወደ ላይኛውም ደርብ እናወጣቸዋለን። ፀሓይ የምትወጣበትን ከዚያ ያዩታል።