እንቅርትና የበለዘ ጥርስ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ሁላችንም የመከራ መደራረብ ይታየናል። ለጥርስ ጤና ተማሪ ግን ሁለት ዕጢዎች ቢታዩት እመርጣለሁ። ጆሮ ደግፍ የሚያሳብጠው ከጆሮ ፊትና ሥር ያለውን ትልቁን የምራቅ ዕጢ ነው። የዚህ ዕጢ ቱቦ ጉንጭን አልፎ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ይከፈታል። እንቅርት ደግሞ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የተቀመጠው የታይሮይድ ዕጢ እብጠት ነው። ጆሮ ደግፍን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። እንቅርትን ግን በአብዛኛው የሚያመጣው የአዮዲን እጥረት ነው፣ በቀላሉ አይለቅም።

ይህን የምጽፈው አርባ ምንጭ ለሚማሩ ልጆች ነው። ከደጋዋ ጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ቁልቁለቱ ግን ከ2,700 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ያወርዳል። እንዲህ ባለ ገደላማ ደጋ ዝናቡ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ አፈር የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያጥረዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል።

ታች ስምጥ ሸለቆው ላይ ግን ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ፍሎራይድ ይበዛል። ከእሳተ ገሞራ አለት የሚሟሟው ፍሎራይድ በብዙ ጉድጓዶች ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ያልፋል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች አጥንት ላይ ሳይቀር ጉዳቱ ታይቷል። አርባ ምንጭ ከተማ ከተራራው ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ትጠጣለች፤ ሜዳው ላይ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ግን ሳይመረመር አይታመንም።

የጥርስን ሽፋን፣ ኢናሜልን፣ የሚሠሩት ሴሎች ጥርሱ ከድድ ሳይወጣ ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ። ስለዚህ ሰው ሕፃን እያለ የጠጣው ብዙ ፍሎራይድ ያበለዘው ኢናሜል እንደበለዘ ይቀራል። አድጎ ቆላ የወረደ ሰው ጥርሱ በዚህ አይበልዝም። እዚያው ያደገው ግን ጠዋት ማታ በመፋቂያ ቢፈትገው፣ ከሰል ቢቀባው ቀለሙ አይለቅም፤ ሎሚ ደግሞ ጭራሽ ኢናሜሉን ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» ብሎ ማሸማቀቅ አለማወቅ ነው፤ ከባለሙያ አፍ ሲወጣ ደግሞ ያናድዳል።

አፍ ከማየታችሁ በፊት አንገት ዳስሱ። ከታካሚው ጀርባ ቁሙና የሁለቱን እጆች ጣቶች ከማንቁርቱ በታች፣ ግራና ቀኝ አሳርፋችሁ አንድ ጉንጭ ውሃ እንዲውጥ ጠይቁት። እብጠቱ የታይሮይድ ከሆነ ከምራቅ ዕጢው በተለየ ሲውጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀጥላችሁ የት እንዳደገና የየትኛውን ጉድጓድ ውሃ እንደጠጣ ጠይቁት።

ቤት ለቤት ስትሄዱ ደግሞ የጨው ዕቃውን እዩ። ጨው አዮዲን እንዲኖረው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንቡ ያስገድዳል፤ ፀሐይና እርጥበት ግን አዮዲኑን ያባክኑታል። እናቶችን «ጨዉን በክዳን ያዙት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት» በሏቸው።