ከኢላማው ሥር ያየሁት ነፋስ

ቢዝሊ ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሰሪ ውስጥ ያለ የተኩስ ሜዳ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ከዊምብልደን ተነሥቶ እዚያ የሰፈረው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ትልቁ ውድድር ሲደርስ ኢላማ የሚያወርዱና የሚያወጡ ወጣቶች ይቀጠራሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለቤት ኪራይ የምትሆን ገንዘብ ፍለጋ ገባሁበት። ስለ ጠመንጃ የማውቀው ጎጃም ውስጥ አባቴ ግድግዳ ላይ የሰቀላትን አሮጌ ምንሽር ብቻ ነበር፤ እሷም ከሠርግና ከለቅሶ በቀር ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።

የተመደብኩት ስቲክልዳውን በሚባለው ረጅሙ ሜዳ ላይ ነው። 50 ኢላማ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ተኳሾቹ 1000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ርቀው በደረታቸው ይተኛሉ። እኛ ከኢላማው ሥር፣ ከአፈር ክምሩ ጀርባ ቆመን እንጠብቃለን። ጥይቱ ከአናታችን በላይ ጯ ብሎ ሲያልፍ ክፈፉን ስበን እናወርዳለን፤ አዲሱ ቀዳዳ ላይ ክብ ምልክት እንሰካለን፤ የቀድሞውን በሙጫና በቁራጭ ወረቀት እንደፍናለን፤ መልሰን እናወጣለን። ሙጫው ጣት ላይ ከደረቀ እራት ድረስ አይለቅም።

መጀመሪያ ላይ ዓይኔ ከራሴ ኢላማ አይወጣም ነበር። በኋላ ሥራው እጄ ላይ ሲገባ አንገቴን ወደ ጎን አዙሬ ረድፉን ማየት ጀመርኩ። ነፋሱ ከቀኝ በርታ ሲል የአሥር የአሥራ አምስት ኢላማ ምልክት ባንድ ጊዜ ወደ ግራ ይሸሻል። ጥይት ሲጮህ የሰማ ሰው ነፋስ እንዲህ ይገፋዋል ብሎ አያምንም። ነገር ግን አምስት ነጥብ የሚያሰጠው መሐል ክብ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎን የሚመጣ ነፋስ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢጨምር ደግሞ በመሐሉ ትገባ የነበረች ጥይት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ትገፋለች። ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ፊት ላይ እንኳ የማይታወቅ ነፋስ ነው።

በዚያ ሁሉ ሽሽት መካከል አንዳንድ ኢላማ ላይ ምልክቱ ከመሐል ንቅንቅ አይልም። የእነዚያ ተኳሾች ጠመንጃ የተለየ ነው ብዬ ነበር። የውድድሩ ደንብ ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ማጉያ መነጽር በሌለው ማነጣጠሪያ እንዲተኩሱ ነው። ማታ ማታ ሻይ የሚጋብዙኝ አንድ አዛውንት ተኳሽ ነበሩ። ይህንን ስጠይቃቸው ሳቁና አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወደ ተኳሾቹ ሥፍራ ወሰዱኝ። በሦስት እግር ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ አስተካክለው «እስቲ እይ» አሉኝ።

መጀመሪያ የታየኝ ኢላማው ነው። እሳቸው ግን ቴሌስኮፑን ከኢላማው ወዲህ ሳብ አድርገው ሲያጠሩት ከመሬት የሚነሣው ሙቀት እየተርገበገበ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ አየሁ። ነፋስ በዓይኔ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። «ወደ ላይ ብቻ ሲፈላ ካየህ ወይ ነፋስ የለም፣ ወይ ከፊትህ ወይም ከኋላህ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ከኋላ የሚመጣውን ነበር አጥብቀው የሚጠሉት፤ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ጥይቱን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይወስዳልና። ባንዲራዎቹንም አሳዩኝ፤ የቅርቦቹ አንድ ነገር ሲናገሩ የሩቆቹ ሌላ ይናገራሉ። አጠገባችን አንድ ጎልማሳ የነፋስ መለኪያ ማሽን በእጁ ይዞ ቆሟል። አዛውንቱ በአገጫቸው አመለከቱኝና «እሱ የሚለካው እሱ የቆመበትን ነው» አሉኝ። እንዲያም ሆኖ የቅርቡን ነፋስ አልናቁም፤ ጥይት ገና ከአፈሙዝ እንደወጣች ከተገፋች ስህተቷ እስከ መጨረሻው እየሰፋ ነው የሚሄደው።

በዚያው ሳምንት ለአባቴ ስደውል ይህንኑ አጫወትኩት።

«አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነው የምትለኝ? ነፋሱንስ ምን ያደርጉታል?»

«ይጠብቃሉ አባዬ። አንዱን ነፋስ ይመርጡና እሱ ሲመለስ ብቻ ይተኩሳሉ።»

«እኛስ አውድማ ላይ እንደዚያው አይደል! መንሹን የምናነሣው ነፋሱ ሲመጣ ሳይሆን ሲረጋ ነው። ስትቸኩል ገለባውን ፊትህ ላይ ይመልስብሃል።»

አባቴ ግን እስከ ማታ መጠበቅ ይችላል። ቢዝሊ ላይ ሁለት ተኳሾች በአንድ ኢላማ እየተፈራረቁ ነው የሚተኩሱት፤ ተራህ ከደረሰ 45 ሰከንድ ብቻ አለህ። የመረጥከው ነፋስ በዚያ ውስጥ ካልተመለሰ ማነጣጠሪያህን አዙረህ በመጣው ነፋስ መተኮስ ግድ ነው። ተኳሽና ተኳሽ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከእኛ ዘንድ ሲታይ ደካማው ያለፈችውን ጥይቱን የሚያሳድደው ነው፤ ግራ ከመታ ለቀጣዩ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ነፋሱ ግን እስከዚያ ጋብ ብሏል፤ ምልክቱን ስንሰካለት ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያልን እንውላለን።

የመጨረሻው ቅዳሜ የንግሥቲቱ ሽልማት ፍጻሜ ነው፤ ዛሬ የንጉሡ ይሉታል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1860 እ.ኤ.አ. ዊምብልደን ላይ የመጀመሪያዋን ጥይት ተኩሰው ያስጀመሩት ውድድር ነው፤ በ1930 ማርጆሪ ፎስተር የተባለች ሴት ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ ወስዳዋለች። የተሻሉት 100 ተኳሾች 15 ጥይት በ900፣ 15 በ1000 ያርድ ይተኩሳሉ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይቆራረጥ ጀመር። በእኔ ኢላማ ላይ ከሚተኩሱት ሁለቱ አንደኛው ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል፤ ሌላው እስከ ሰዓቱ ጫፍ ያቆየናል። ኢላማውን አብሮኝ የሚያወርደው ጓደኛዬ በዘገየው ላይ ይነጫነጫል፤ እኔ ግን ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። መጨረሻ አካባቢ ከጀርባችን ያለው ባንዲራ ድንገት ወደቀ። ቸኳዩ ወዲያው ተኮሰ፤ ምልክቱን ከመሐሉ ክብ ውጭ በስተ ቀኝ ሰካንለት። ነፋስ አለ ብሎ ያካካሰው ነፋሱ ሲጠፋ ወደ ማዶ ወሰደበት። የዘገየው ተራው ደርሶ ጠበቀ። ባንዲራው ተመልሶ ግማሹን ያህል ተነሣ፤ ጥይቱ ጯ አለ፤ ክፈፉን ስናወርድ ቀዳዳው ከመሐል አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። አሸናፊው ግን ሌላ ኢላማ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ እንደ ልማዱ በወንበር ተሸክመው በሙዚቃ ሲያዞሩት እኛ ገና የሙጫ ጣሳ እያጠብን ነበር። አዛውንቱ ሲያገኙኝ ስለ አሸናፊው አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ ያ ባንዲራ በወደቀ ጊዜ ስንት ኢላማ ላይ ምልክት ወደ ቀኝ እንደሸሸ ነው። «ከግማሽ በላይ» አልኳቸው። እሳቸው ቴሌስኮፕ ላይ ሆነው ከዚያ ያነሰ ነው ብለው ኖሮ እስኪመሽ ስንከራከር አመሸን።