የመረጃ ሰብሳቢዎቹ አበል

የምርምር በጀት ሲጸድቅ ደስ ይላል፤ ጣጣው የሚጀምረው ለተማሪ ሲከፈል ነው። የማስተርስ ተማሪዎቻችን ታብሌት ይዘው፣ ኮቦ የተባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ከፍተው ከቤት ቤት እየዞሩ መጠይቅ ያስሞላሉ፤ ውሻ ያባርራቸዋል፣ ቡና ካልጠጣችሁ ብሎ የሚያስቀምጣቸውም አይጠፋም። ሥራው አልቆ አበሉ ግን ፋይናንስ ቢሮ ይተኛል። ፔይሮሉ ላይ አንድ ፊርማ ጎደለ፣ የአካውንት ቁጥር ተሳሳተ ሲባል ሰኔ 30 ይደርስና "ሂሳብ ተዘግቷል" ይመጣል። ሐምሌ 1 አዲስ የበጀት ዓመት ነው፤ ተማሪው ደግሞ ተመርቆ አገሩ ገብቷል። (የእኛ የመምህራኑ አበል ሲሆን ወረቀቱ እንዴት እንደሚፈጥን እንጃ!)

ዋና ተመራማሪዎች፣ እባካችሁ የተማሪውን የክፍያ ሰነድ ከራሳችሁ በፊት አስፈርሙ። ውል ያልፈረመ ተማሪም ወደ መስክ አትላኩ።