ኹለቱ የአርሲ ሯጮች በጕልበታቸው ወራት ቢገናኙ

የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ ሯጮች ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሩጫን ሜዳ ምሳሌ አድርጎ እንዳስተማረ ያስታውስ። እኔም ዛሬ ስለ ሩጫ የምጽፈው በአንድ ክርክር ተረትቼ ነው። መረታቴም ከሩጫው ይልቅ የራሴን ነገር ስለ ገለጠብኝ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኹም።

በዚህ በተልተሌ ከተማ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ሰዎች በአንድ ሻይ ቤት እየተሰበሰብን መጫወት ልማዳችን ነው። ባለፈው እሑድ ቴሌቪዥኑ የዱሮ ሩጫ ሲያሳይ፥ አንድ የትምህርት ቤት መምህር «ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ ኹለቱም በጕልበታቸው ወራት ሳሉ በ10,000 ሜትር ቢገናኙ ማን ይቀድም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ሳላስብ «ኃይሌ ነዋ!» አልኹ። እርሱ ግን «የለም መሪጌታ፥ ቀነኒሳ ነው» አለኝ። ነገሩ ከጨዋታ ወደ ክርክር፥ ከክርክርም ወደ ቍጣ ደረሰ፤ የተቈጣኹትም እኔ ነኝ።

ጥያቄው የሚያስቸግርበት ምክንያት አለው። ኹለቱም የአርሲ ልጆች ናቸው፤ ኃይሌ ከአሰላ ወገን፥ ቀነኒሳ ከበቆጂ። በዚሁ ርቀት እያንዳንዳቸው ኹለት ጊዜ የኦሎምፒክ፥ አራት ጊዜ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወስደዋል። በወርቅ ቢመዘኑ ሚዛኑ ወደ ማንም አያጋድልም።

መምህሩ ሰዓት ቈጠረልን። ኃይሌ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሄንግሎ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ፈጸመ፤ ቀነኒሳ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. በብራስልስ በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ። ልዩነቱ 5.22 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሲታሰብ 33 ሜትር ያህል ይኾናል። የቀነኒሳም ሰዓት ዩጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ በመስከረም 2013 ዓ.ም. እስኪያሻሽለው ድረስ ከ15 ዓመት በላይ ጸንቶ ቈየ።

እኔም እንዲህ ብዬ መለስኹ፤ «እንዲህ ያለ ሰዓት የሚገኘው አሯሯጭ ከፊት እየመራ ነው፤ በኦሎምፒክ ግን አሯሯጭ የለም። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ የኬንያው ፖል ቴርጋት ቀድሞ ሲፈተለክ፥ ኃይሌ በመጨረሻዎቹ ርምጃዎች ደርሶ በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይቀድመዋል?»

መምህሩም «ቀነኒሳ ቀድሞታል» ብሎ የፓሪሱን ሩጫ አነሣ። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በዓለም ሻምፒዮና ኃይሌ ፍጥነቱን አክርሮ ሲመራ ከርሟል፤ የኋለኛው 5,000 ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ተሮጠ፤ ኾኖም ቀነኒሳ አንደኛ፥ ኃይሌ ኹለተኛ ኾኑ። በመካከላቸው የነበረው 1.20 ሰከንድ ነው። እኔም «ኃይሌ ያን ጊዜ 30 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ አምስቱን ዓመት ብትመልስለት ይህችን 1.20 ሰከንድ ያጣታልን?» ብዬ የረታኹ መሰለኝ።

በዚህ ጊዜ ጥግ ይዞ ሻዩን ይጠጣ የነበረ አንድ የቦረና ሽማግሌ እንዲህ አለኝ፤ «መሪጌታ፥ በአንድ መንጋ ታላቁ ኮርማ ሲበረታ ታናሹ ጥጃ ነው፤ ታናሹ ሲበረታ ታላቁ ያረጃል። ለታላቁ ዕድሜውን ሲመልሱለት፥ ታናሹን ጥጃ አድርገው ለምን ያስቀሩታል?»

መልስ አጣኹ። ሌሊት በመኝታዬ ኾኜ ነገሩን እንደ ዳኛ መረመርኹት። በፓሪስ ቀነኒሳ ገና የ21 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ከፍ ያለው ሰዓቱ የተገኘው ከዚያ ኹለት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ለኃይሌ አምስት ዓመት ስንመልስ ለቀነኒሳ ኹለት ዓመት መጨመር ፍርድ ነው። ኃይሌን የሚያሳቅቀው ጋላቢ፥ ገና ከፍጥነት በኋላ ሌላ ፍጥነት የሚያወጣ ነው፤ ይህም በቀነኒሳ ይገኛል። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ኹለቱ በጕልበታቸው ወራት ቢገናኙ እስከ መጨረሻው ዙር አይለያዩም፤ በመጨረሻው ግን ቀነኒሳ በጥቂት ርምጃ ይቀድማል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር ሻይ ቤት ውስጥ ለምን ተቈጣኹበት? ምክንያቱን ለመናዘዝ ያሳፍረኛል። ከጉባኤ ቃና አንሥቼ እስከ መወድስ ያደረስኹት አንድ ደቀ መዝሙር ነበረኝ። በአንድ ዓመታዊ በዓል መወድስ ተቀኘ፤ ሰሙ የአገራችን ድርቅና የኤላ ውሃ ነበረ፥ ወርቁ ግን እኔ በሠላሳ ዓመት ያልደረስኹበት ምሥጢር ነበረ። ሊቃውንቱ «ይበል!» አሉት። እኔ ዝም አልኹ፤ ከማሕሌት ስንወጣም በአንዱ ቤት ስላለ የቀለም ስሕተት ብቻ ነቀፍኹት። እርሱም «እሺ የኔታ» ብሎ እጄን ሳመ። ለካስ ለኃይሌ እየተሟገትኹ የኖርኹት ለራሴ ነው፤ ታላቁ አይቀደምም ማለት ፈልጌ ኖሯል።

በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴና የኾነውን አስታወስኹ። ኃይሌ የተረከዙን ጅማት ታሞ ሲሮጥ፥ ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን ዞር እያሉ ወደ ኋላ ይመለከቱት፥ ርምጃቸውንም ቀዝቀዝ ያደርጉለት ነበር። እንደማይደርስ ባወቁ ጊዜ ፈጠኑ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፥ ስለሺ ኹለተኛ፥ ኃይሌ አምስተኛ ኾኑ። ታናሹ ታላቁን ለመጠበቅ አንገቱን አዞረ፤ እኔ ግን ታላቁ ኾኜ ታናሹን «ቀጥል» ለማለት አንዲት ቃል ነፈግኹ። ኤልያስ እንኳ ኤልሳዕ የመንፈሱን እጥፍ በለመነው ጊዜ፥ ነገሩ ጭንቅ መኾኑን ነገረው እንጂ አልተቈጣውም።

ያ ደቀ መዝሙር ዛሬ በሌላ አገር ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ሰኞ ማለዳ ደብዳቤ ጽፌ ወደ ያቤሎ በሚኼድ መኪና ሰደድኹለት። መወድሱን በቃሌ አስታውሼ ከላይ እስከ ታች ጻፍኹት፤ የቀለሙንም ስሕተት ፈልጌ አጣኹት። ከግርጌው ያኔ ልለው የሚገባኝን አንዲት ቃል ብቻ ጨመርኹ፤ «ይበል»።